የሪዘርቭ ጡረታ አይወረስም፦ «ባልሽ ቢሞት ምን ታገኛለሽ?» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲተላለፍ የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። «ባልሽ ቢሞት ምን ታገኛለሽ?» ይላል ርዕሱ። በአሜሪካ ጦር ሪዘርቭና ናሽናል ጋርድ፣ ማለትም በትርፍ ጊዜ በሚያገለግለው ጦር፣ ውስጥ ያሉ ኢትዮጵያውያን ቢሞቱ ባለቤቶቻቸው ከጡረታው ምን እንደሚደርሳቸው ለማስረዳት የተጻፈ ነው። ጉዳዩ መነሳቱ ጥሩ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዲቪ መጥተው፣ ቀን ሥራ ማታ ትምህርት እያሉ፣ በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ ዩኒፎርም ይለብሱ የነበሩ ልጆች አሁን ሃያ ዓመታቸውን እየደፈኑ ነው።

ችግሩ ጽሑፉ ውስጥ ካለው መረጃ ግማሹ የተሳሳተ፣ ግማሹ ጊዜ ያለፈበት መሆኑ ነው። እኔ ሪዘርቭ ውስጥ የሠራሁት የሰው ኃይል ክፍል ስለነበር እነዚህ ፎርሞች በእጄ አልፈዋል። ስለዚህ ጸሐፊው ያሏቸውን ነገሮች በተራ ላንሳ። ሚስት እያልኩ የምጽፈው እሳቸውም እንደዚያ ስለጻፉ ነው። ወታደሯ ሴት ከሆነች ለባልም ሕጉ ያው ነው።

«ጡረታው እንደ አገር ቤት በግማሽ ለሚስት ይተላለፋል»

አይተላለፍም። ይህ የብዙዎቻችን ግምት ስለሆነ ጸሐፊውን ብዙ አልወቅስም። አገር ቤት ባለጡረታ ሲሞት ሚስቱ የጡረታውን 50 በመቶ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጁ ደግሞ 20 በመቶ በተተኪነት ያገኛሉ። የሚሰጣቸው ሕጉ ነው። ሟቹ በሕይወቱ እያለ የመረጠውም የፈረመውም ነገር የለም።

እዚህ ግን የወታደር ጡረታ ሰውዬው ሲሞት ይቆማል። ሪዘርቭም ይሁን መደበኛ ጦር ልዩነት የለውም። ሚስት የምታገኘው ካለ የሚመጣው የተተኪ አበል ከሚከፍለው ሌላ ዕቅድ ነው። ለመደበኛው ጦር በፈረንጆች 1972 ወጣ፤ ኤስቢፒ ይሉታል። የሪዘርቩ በ1978 ተጨመረ፤ አርሲኤስቢፒ ነው ስሙ። እዚያ ውስጥ ከተገባ አበል አለ። ካልተገባ የለም።

ለመግባት ደግሞ መጀመሪያ ሃያ «ጥሩ ዓመት» ያስፈልጋል። ጥሩ ዓመት ማለት ቢያንስ 50 ነጥብ የተያዘበት ዓመት ነው። አባል በመሆን ብቻ በዓመት 15 ነጥብ አለ። ድሪል፣ ማለትም የየወሩ የቅዳሜና እሁድ ሥልጠና፣ 4 ነጥብ ነው። የሁለት ሳምንቱ ዓመታዊ ሥልጠና በቀን አንድ ነጥብ ያስገኛል። ድሪል ላይ ያልቀለደ ሰው በቀላሉ 70 ያልፋል። ሥራ በዛብኝ እያለ ሲቀር የከረመ ሰው ግን አንዱ ዓመቱ 48 ነጥብ ሆኖ ይገኝና ሃያው አስራ ዘጠኝ ይሆንበታል። ያ ሰው ቤቱ ታሞ ቢሞት ለሚስቱ የጡረታ አበል የሚባል ነገር የለም። በግዳጅ ወይም በሥልጠና ላይ እያለ ከሞተ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ሃያ ዓመት አይጠየቅም። ጽሑፉ ይህን ልዩነት ጭራሽ አላነሳውም። ባሎች ሆይ፣ የነጥብ መዝገባችሁን በየዓመቱ አውጥታችሁ እዩት። የጎደለ ድሪል የሚስተካከለው የፈረመው አዛዥ በሕይወትና በአካባቢው እያለ ነው።

«60 ሳይሞላው ከሞተ ምንም የለም»

እንድጽፍ ያነሳሳኝ ይኸኛው ነው።

የሪዘርቭ ጡረታ በመደበኛው መከፈል የሚጀምረው 60 ዓመት ሲሞላ ነው። ከጃንዋሪ 28 2008 ወዲህ ለግዳጅ የተጠሩ ሰዎች ለየ90 ቀን አገልግሎት ሦስት ወር ይቀነስላቸዋል፤ ግን ከ50 ዓመት በታች አይወርድም። ስለዚህ በ43 ዓመቱ ሃያውን የጨረሰ ሰው ክፍያውን ለማየት ዓመታት ይጠብቃል። ድሪል አቁሞ ጡረታ የወጣበት፣ ገንዘቡ ግን ገና ያልመጣበት ይህ ጊዜ ግሬይ ኤርያ ይባላል። ጸሐፊው እንደሚሉት በዚህ መሃል የሞተ ሰው ድካሙን ውሃ በላው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሃያው ዓመት ሲሞላ ደብዳቤ ይመጣል፤ የሃያ ዓመት ደብዳቤ እንለዋለን። ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 90 ቀን ይቆጠራል። በነዚያ ቀናት ውስጥ ዲዲ 2656-5 የሚባል ፎርም ተሞልቶ ይመለሳል። ፎርሙ ላይ ሦስት ምርጫ አለ። ኤ ማለት «አሁን አልገባም፤ 60 ሲሞላኝ እወስናለሁ» ማለት ነው። ቢ ማለት «ቀድሜ ብሞት ሚስቴ አበሉን የምትጀምረው እኔ 60 ይሞላኝ በነበረበት ቀን ይሁን» ማለት ነው። ሲ ማለት «ከሞትኩ ማግስት ጀምሮ ይከፈላት» ማለት ነው።

አንድ ሰው በ45 ዓመቱ መርጦ በ47 ዓመቱ ቢሞት፣ ሲ ከሆነ ሚስቱ ወዲያው ትጀምራለች። ቢ ከሆነ 13 ዓመት ትጠብቃለች። ኤ ከሆነ ደግሞ ጸሐፊው እንዳሉት ባዶ እጇን ትቀራለች። ጸሐፊው ኤ የመረጠ አንድ ሰው የደረሰበትን አይተው ለሁሉም ያደረጉት ይመስለኛል።

ፎርሙን መሳቢያ ውስጥ ጥሎ የረሳውስ? እዚህ ላይ ሕጉ ከተጠበቀው በላይ ደግ ነው። ከጃንዋሪ 1 2001 ወዲህ ደብዳቤው የደረሰው ባለትዳር 90 ቀኑ ዝም ብሎ ካለፈበት፣ ሲን እንደመረጠ ተቆጥሮ በሙሉ ሽፋን ይገባል። ደብዳቤው ሳይደርሰው ቢሞት ወይም በ90 ቀኑ መሃል ቢሞትም ሚስቱ ሜዳ ላይ አትወድቅም። ልብ በሉ፤ ምንም ያላደረገ ሰው የጸሐፊውን ምክር ከተከተለው ሰው ይሻላል ማለት ነው። ምክራቸው ምን ነበር?

«ኤን ምረጡ፤ ለሚስት መንገር አያስፈልግም»

ያስፈልጋል። ባለትዳር ሰው ከሙሉና ወዲያው ከሚጀምረው ሽፋን ያነሰ ነገር ከመረጠ፣ ኤ ይሁን ቢ ወይም የቀነሰ መጠን፣ ሚስቱ መስማማቷን በፊርማዋ ማረጋገጥ አለባት። ፊርማው ኖተሪ፣ ማለትም ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው፣ ፊት ነው የሚፈረመው። ሚስት አገር ቤት ብትሆን እንኳ አዲስ አበባ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ የኖተሪ አገልግሎት ይሰጣል። ፊርማዋ ከሌለ ምርጫው አይሠራም፤ በሙሉ እንደገባ ይቆጠራል።

በተግባር ግን የማየው ሌላ ነው። እሁድ ከሰዓት ነው። ድሪሉ ሊያልቅ ነው፤ ሁሉም መኪናውን እያሰበ ነው። አንዱ ፎርሙን ይዞ ይመጣል። ሁሉም ቦታ ተሞልቷል፤ የሚስት ቦታም ተፈርሟል። ቀኑን ሳየው እሷ የፈረመችው እሱ ከመፈረሙ በፊት ነው። «ምንድነው የፈረመችው?» ስለው፣ «ኧረ የወታደር ወረቀት ነው፣ እሷ ምን ታውቃለች» ይላል። ቤት ውስጥ ከመብራት ቢል ጋር አንድ ላይ ቀርቦላት፣ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ተብላ የፈረመች ሴት የአርባ ዓመት አበል ፈርማ እንደለቀቀች አታውቅም። እንዲህ ያለውን ወረቀት እመልሰዋለሁ። የሚገርመው፣ አብዛኛው ባል ክፉ ሆኖ አይደለም። ኤ የመረጠው «ወጪ የለውም» ብሎ የነገረው ሰው ስለነበረ ነው። የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን መጣል የሚባለው ይኸው ነው።

እህቶቼ፣ ባላችሁ ወደ ሃያ ዓመቱ ከተጠጋ ደብዳቤው የት እንዳለ ጠይቁ። ፎርሙን አንብባችሁ ፈርሙ። መፈረም ግዴታችሁ አይደለም።

ጽሑፉ ያልነካው፣ በእኛ ሰዎች ዘንድ ግን የተለመደ ሌላ ነገር አለ። ልጁ ደብዳቤው ሲመጣ ላጤ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አገር ቤት ሄዶ ያገባል፤ ሠርጉ፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ ሁሉ በወጉ ይሆናል። ለጦሩ የሚያሳውቀው ግን ሚስቱ ቪዛ አግኝታ ስትመጣ ነው። እሱም አንዳንዴ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ከደብዳቤው በኋላ ያገባ ሰው ሚስቱን ለማስገባት ያለው ጊዜ ካገባበት ቀን አንድ ዓመት ብቻ ነው። የሚቆጠረው ከሠርጉ እንጂ ዳላስ ኤርፖርት ከገባችበት ቀን አይደለም። ዓመቱ ካለፈ ዕድሉ አብሮ ያልፋል። በጊዜው ቢያስገባትም፣ ከእንዲህ ዓይነቱ ጋብቻ አበል የሚገኘው ትዳሩ አንድ ዓመት ከሞላው ወይም ልጅ ከተወለደ ነው።

«6.5 በመቶ ገንዘብ መጣል ነው»

ለሽፋኑ ከጡረታው ስለሚቆረጠው ክፍያ ነው የሚሉት። ይህ ሊያከራክር ይችላል። ሂሳቡን እንየው። 3,600 ነጥብ ያለው ሰው እንውሰድ። ለ360 ሲካፈል 10 ዓመት ይሆናል። በድሮው ሥርዓት በዓመት 2.5 በመቶ ነውና 25 በመቶ ደረሰ። በ2018 በመጣው አዲስ ሥርዓት ውስጥ ከሆነ በዓመት 2 በመቶ ነው። መሠረታዊ ደመወዙ በወር 4,800 ዶላር ቢሆን በድሮው ጡረታው 1,200 ዶላር ነው። ሙሉ ሽፋን ከመረጠ በመደበኛው ስሌት የሚቆረጥበት 6.5 በመቶ፣ 78 ዶላር ነው። ሚስቱ የምታገኘው 55 በመቶ፣ 660 ዶላር ነው። ቢ ወይም ሲ የመረጠ ሪዘርቭ ከዚህ ሌላ ተጨማሪ አለበት። 60 እስኪሞላው ያለ ክፍያ ተሸፍኖ የቆየበትን ዕዳ የሚመልስበት ነው፤ እንደ ዕድሜው ይሰላል። በዚህ ምክንያት የሪዘርቭ ሚስት አበል ከ55 በመቶ ትንሽ ዝቅ ይላል።

ጸሐፊው የረሱት 60 ሳይሞላው ከኪሱ አንድ ሳንቲም እንደማይወጣ ነው። ጡረታው ሲጀምር ነው መቆረጥ የሚጀምረው። 360 ወር ከፍሎ 70 ዓመት ከሞላው ደግሞ ክፍያው ይቆማል፤ ሽፋኑ ይቀጥላል። አበሉ ከኑሮ ውድነት ጋር በየዓመቱ ይስተካከላል። የሕይወት ኢንሹራንስ ይህን አያደርግም።

ግን እውነታቸውንም ልስጣቸው። ሚስቱ ከእሱ በብዙ የምትበልጥ፣ ወይም የራሷ በቂ ጡረታ ያላት ከሆነች ላያዋጣ ይችላል። ሚስት ቀድማ ከሞተች የተከፈለው አይመለስም። ከገቡ በኋላ መውጫው ጠባብ ነው፤ ክፍያው ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱ ሲሞላ የአንድ ዓመት በር ይከፈታል፤ እሱም በሚስት ፈቃድ ነው። ስለዚህ «አይጠቅመኝም» የሚል ሰው ሞኝ አይደለም። ሁለቱ ቁጭ ብለው ቁጥሩን አይተው ኤን ቢመርጡ ምንም አልልም።

ጸሐፊው «ኤስጂኤልአይ ስላለ ይበቃል» ያሉት ግን ውሃ አይቋጥርም። ኤስጂኤልአይ የሚባለው የወታደር የሕይወት ኢንሹራንስ ከማርች 2023 ጀምሮ እስከ 500,000 ዶላር ነው። ትልቅ ገንዘብ ነው። ግን ከአገልግሎት ከወጡ 120 ቀን በኋላ ያበቃል። ግሬይ ኤርያ ላይ ያለ ሰው ራሱ እየከፈለ ከአገልግሎት ለወጡ ወደሚሆነው ወደ ቪጂኤልአይ ካልቀየረው የለውም። ተጠቃሚው ሆኖ የተመዘገበው ማን እንደሆነም እዩ። ላጤ እያለ እናቱን አስመዝግቦ ያልቀየረ ሰው ብዙ ነው።

«አሥር ዓመት አብራው ከኖረች ብትፋታም ታገኛለች»

ሁለት ነገር ተደባልቆባቸዋል። የአሥር ዓመቱ ሕግ ስለ ሌላ ነው፦ ፍርድ ቤት ጡረታውን ሲያካፍል ዲፋስ፣ ማለትም የመከላከያው ክፍያ ቢሮ፣ ድርሻዋን በቀጥታ እንዲልክላት የሚጠየቅ ነው። ያም ቢሆን እሱ ሲሞት ይቆማል። የተተኪ አበል ግን በፍቺ ይቋረጣል፤ ሰላሳ ዓመት ቢኖሩም። እንዲቀጥል የቀድሞ ሚስት ተብላ እንደገና መመዝገብ አለባት፤ ጊዜው ከፍቺው አንድ ዓመት ነው። የፍርድ ቤት ትእዛዝ እያለ እሱ ዝም ካለ እሷ ራሷ ትእዛዙን በአንድ ዓመት ውስጥ ልትልክ ትችላለች። ፍርድ ቤት የፈረደላት ወረቀቱን ሳትልክ ከቀረች ፍርዱ ብቻውን አያስከፍላትም። አበሉ ደግሞ ለአንዷ ነው፤ ለቀድሞዋ ከሆነ ለአሁኗ አይሆንም።

«እንደገና ካገባች ሁሉንም ታጣለች»

እንደ ዕድሜዋ ነው። 55 ሳይሞላት ካገባች አበሉ ይቆማል፤ ያ ትዳር በሞት ወይም በፍቺ ካበቃ ግን ይመለስላታል። 55 ከሞላት በኋላ ካገባች ማንም አይነካባትም። ሕክምናው፣ ትራይኬር፣ ለየት ይላል። ግሬይ ኤርያ ላይ ለሞተ ሰው ሚስት በመደበኛው የሚከፈተው እሱ 60 ይሞላው በነበረበት ቀን ነው። እንደገና ካገባች ይዘጋል፤ ብትፋታም አይመለስም። ለማግባት ያሰበች ሴት የጤና ኢንሹራንሷን ቀድማ ብታስብበት ይሻላል።

«ከቪኤ የምታገኝ ከሆነ ከጡረታው ይቀነሳል»

ድሮ እውነት ነበር። ባል በአገልግሎት ምክንያት በመጣ ሕመም ከሞተ ቪኤ፣ ማለትም የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ለሚስት ዲአይሲ የሚባል ወርኃዊ ክፍያ ይሰጣል። ይህ ክፍያ ከኤስቢፒ ላይ ዶላር በዶላር ይቀነስ ነበር፤ የመበለት ግብር ብለው ሲታገሉት የኖሩት ነው። ኮንግረስ ሽሮት ከ2021 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ቀርቶ በጃንዋሪ 2023 ሙሉ በሙሉ ቆሟል። አሁን ሁለቱንም በሙሉ ታገኛለች። ኤስቢፒ ግብር አለበት፤ ዲአይሲ የለበትም።

ይህ ለእኛ ልጆች ቀላል ነገር አይደለም። ኢራቅና አፍጋኒስታን ሄደው ያ የቆሻሻ ማቃጠያ ጭስ የገባባቸው ብዙ ናቸው። በኦገስት 2022 የወጣው ፓክት አክት የሚባል ሕግ ብዙ የካንሰር ዓይነቶችን ከዚያ ጭስ እንደመጡ ቆጥሮ ይቀበላል። ግሬይ ኤርያ ላይ ያለ ሰው በካንሰር ከሞተ ሚስቱ ወደ ዲፋስ ብቻ ሳይሆን ወደ ቪኤም ታመልክት። ኤ ተመርጦባት የተተኪ አበል ያጣች ሴት እንኳ በዲአይሲ በኩል ልታገኝ ትችላለች። ቪኤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ አይጠይቅም።

«ሚስቱ ኢትዮጵያ ካለች አይመለከታትም»

ይመለከታታል። የተተኪ አበል ለማግኘት የአሜሪካ ዜጋ መሆን አይጠየቅም። ዜጋም ነዋሪም ካልሆነች ግን ለግብር 30 በመቶ ሊያዝባት ይችላል። ሴቲቱን የሚያስቸግራት ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ነው።

አንድ ፋይል ትዝ ይለኛል። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ «ጥር 12 ቀን 2001» ይላል። ተርጓሚው ወሩን ወደ እንግሊዝኛ ቀየረ፤ ዓመቱን እንዳለ ተወው። ልጁ በፈረንጆች 2005 ጦሩ ውስጥ ሲመዘገብ «ያላገባ» ብሎ ሞልቷል። እንግዲህ በወረቀቱ መሠረት በ2001 አግብቶ ዋሽቷል ማለት ነው! እውነተኛው ቀን ጃንዋሪ 20 2009 ነበር። ይህን ለማስረዳት ስንት ኢሜይል እንደተጻጻፍን አትጠይቁኝ። ባልየው ሞቶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ የሚያስረዳላት ሰው አይኖርም ነበር። ስለዚህ ትርጉሙ ላይ ሁለቱም ዘመን አቆጣጠር ይጻፍ። ሚስት በአባቷ ስም እንደምትጠራ፣ የልጆቹ የመጨረሻ ስም ደግሞ የአባታቸው ስም እንደሆነ የሚገልጽ አንድ አረፍተ ነገርም አይጎዳም። የአሜሪካ ቢሮዎች አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሦስት ዓይነት ስም ሲያዩ ግራ ይገባቸዋል። ከዚያ ሚስት ዲርስ በሚባለው የወታደር ቤተሰብ መዝገብ ላይ ትመዝገብ፤ ቪዛ እስክታገኝ አይጠበቅም።

ጸሐፊው በመጨረሻ «መንግሥት ራሱ ይደውልላታል» ብለዋል። ግሬይ ኤርያ ላይ ለሞተ ሰው የሚደውል የለም። ደመወዝም ጡረታም እየተከፈለው ስላልነበረ መሞቱን የሚያውቅ ቢሮ የለም። እሷ ነች የምትደውለው። ለአርሚ ሪዘርቭ ከሆነ ፎርት ኖክስ፣ ኬንታኪ ወዳለው የሰው ኃይል ማዕከል ሞቱን ታሳውቃለች። ማመልከቻው ዲዲ 2656-7 ነው። የሞት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ወረቀትና የሃያ ዓመቱን ደብዳቤ አብራ ትይዛለች። ያለፈ ክፍያ መጠየቅ የሚቻለው ለስድስት ዓመት ነው፤ ከዚያ ያረጀው ይቃጠላል። ሳታመለክት የቆየች ሴት ካለች ግን ዓመታት አለፉ ብላ አትተወው። ከዛሬ ወዲያ ያለው አሁንም የእሷ ነው።